አጥሩን የነቀልኩበት መንገድ

እውነቴን ነው። ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ እዚሁ ጋ አቁሙ፣ አልቀየማችሁም።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ቦታው የአጎቴ ቤት የጓሮ ክፍል።

ጨለማ የለም። መብራት አልጠፋም። ውጭ ፀሐዩ ዓይን ያጥበረብራል...

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ አጻጻፌ ላይ አትሳቁ። በብሩሽ ግን የሚያክለኝ የለም! ጠረጴዛና ግድግዳ ስጡኝ፣ ጠረጴዛው የት እንዳለቀ፣ ስዕሉ ከየት እንደጀመረ በእጃችሁ ካልዳበሳችሁ አታገኙትም።

ጉራ ነው አይደል? አዎ ጉራ ነው። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

አጎቴ ጡረታ የወጣ የባቡር ትኬት ቆራጭ ነው። ድሮ «እሳቸው» ነበር የምለው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ «እሱ» ነው። ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

የምንኖረው እሱ ቤት ነው፤ እናቴ፣ ታላቅ እህቴና እኔ። ጓሮ ያለውን ክፍል ሙሉውን ለአንድ ጠረጴዛ ሰጥቶታል። ጠረጴዛው ላይ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ትንሽ ባቡር አለች። የሐዲዱ ስፋት ሁለት ጣት አይሞላም፣ ጣቢያው የጫማ ካርቶን ነው፣ ዛፎቹ ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ የተቆረጡ ናቸው።

ሁሉ ነገር አለ። ከጀርባው ግን ደረቅ ነጭ ግድግዳ። አገሩ ድንገት ያልቃል።

«የኔ ብሩሽ» አለኝ አንድ ቀን። እንዲህ ነበር የሚጠራኝ። «ከኋላው አገር ሥሪልኝ። ሲያልቅ ታፔላ ጸሐፊውን እጠራዋለሁ። የእህቴ ልጅ ናት የሠራችው እለዋለሁ። ይሄን አይቶ ካልያዘሽ እኔ ሰው አይደለሁም።»

«ይማሉልኝ፣ ጋሼ።»

«እህቴ ትሙት!»

እህቱ ማለት እናቴ ናት። በእናቴ ነው የማለልኝ።

ታፔላ ጸሐፊው የሰፈሩን ሱቅ ሁሉ ስም የሚጽፍ ሰውዬ ነው። በዓመት አንድ ተለማማጅ ብቻ ይይዛል። እሱ ካልያዘኝ ደግሞ የሚጠብቀኝ የአክስቴ ቤት ነበር። መንታ ልጆቿን ላዝልላት... እስክሸመግል።

ስለዚህ ቀለሜን የምጨምርበት የተሳለ ሸራ ፍለጋ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ባሕር ነበር፤ ስዘረጋው ባቡሯ ልትሰምጥ የምትሄድ መሰለች። ሁለተኛው የተራራ ፎቶ ህትመት ነው፤ ከድምቀቱ የተነሳ ጣቢያውን ዋጠው። ከኋላ ያለ ነገር ደብዘዝ ማለት አለበት። ሩቅ ነገር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ይሄን ማንም አላስተማረኝም፣ ዓይኔ ነው።

ሦስተኛውን ሱቁን ሊዘጋ ዕቃ የሚሰበስብ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ጋ አገኘሁት። ድሮ ደንበኞቹን ከፊቱ አቁሞ የሚያነሳበት ሸራ ነው። ግራጫ ሰማይ፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ ኮረብታዎች፣ መሃል ላይ የሚጠማዘዝ የአፈር መንገድ።

ባዶ መንገድ።

«አባባ፣ ሰው የለበትም እንዴ?»

«እኔ መንገዱን ብቻ ነው የሳልኩት» አለኝ እየጠቀለለልኝ። «ሰው ራሱ ይመጣል።»

ደንበኞቹን ማለቱ ነው ብዬ ሳቅኩ።

እሱ አልሳቀም...

ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አፈር በወንፊት ነፋሁ፣ ከቀለም ጋር ለወስኩ፣ መንገዱን ያለማቋረጥ ሸራው ላይ ቀጠልኩት። መጋጠሚያውን በስፖንጅ ቁጥቋጦ ሸፈንኩ። መስኮቱ በግራ በኩል ስለሆነ የዛፉንም የድንጋዩንም ጥላ ወደ ቀኝ ጣልኩት። የስዕሉ ፀሐይና የቤቱ ፀሐይ ካልተስማሙ ሰው ወዲያው ይነቃል።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ።

መንገዱ ጠረጴዛው ጫፍ ሲደርስ አጎቴ የክብሪት እንጨት አጥር ገትሮበታል። ዓይን እዚያ ሲደርስ ይቆማል።

ነቀልኩት።

«ምን አደረገሽ አጥሩ?» አለኝ።

«ዓይን ይለፍ ብዬ ነዋ፣ ጋሼ!»

አበቃ። ከጣቢያው በር እስከ ኮረብታው ድረስ አንድ መንገድ ሆነ። የሚከለክለው ነገር የለም።

በማግስቱ ጠዋት መንገዱ መታጠፊያ ላይ አንዲት ነጥብ አየሁ። ምስር ታክላለች።

ዝንብ መስላኝ እፍ አልኩባት።

አልበረረችም።

በሁለተኛው ቀን ባቄላ አከለች። ባርኔጣ ነበራት...

በሦስተኛው ቀን ሰው መሆኑ ለየ። ረጅም ኮት፣ በአንድ እጁ ሻንጣ። ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል። ፊቱ ላይ ግን ዓይን የለ፣ አፍ የለ... እንደተላጠ ድንች ነው።

ጥላው ደግሞ ወደ ግራ ወድቋል። ወደ መስኮቱ።

«ጋሼ... ይሄን ሰውዬ እርስዎ ነዎት የሳሉት?»

«እኔ ብሩሽ መያዝ መቼ አውቃለሁ? አንቺው ነሽ እንጂ!»

እህቴን ጎትቼ አመጣኋት። ማስቲካዋን እያኘከች አየችው።

«አንቺማ አልሳልሽውም» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ባለፈው የሳልሽው ሰውዬ እግሩ ላይ ስድስት ጣት ነበረዋ! እማዬ እስክትታመም ነው የሳቀችው።»

ጥላኝ ወጣች።

ግራጫ ቀለም በጠበጥኩና ደፈንኩት። ጠዋት ስገባ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ሰውዬው አውራ ጣቴን አክሏል።

መናገር ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን ነገ ቅዳሜ ነው። ታፔላ ጸሐፊው ይመጣል። የኔ ቀን ነው። ዝም አልኩ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ መጣ።

አጎቴ የድሮ የሥራ ቆቡን አድርጓል፣ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ። ባቡሯ ትዞራለች። እኔ ሻይ በትሪ ይዤ በሩ ጋ ቆሜያለሁ።

ታፔላ ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ መጋጠሚያውን በዓይኑ ፈለገ። አጣው። መነጽሩን አውልቆ ፈለገ። አጣው።

«ወይ ጉድ! ማን ነው የሠራው?»

አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ነኝ» አለ አጎቴ።

አላየኝም። ባቡሯን ነበር የሚያየው።

«ሁሉንም?»

«ከነሰማዩ።»

«ይቺ ልጅስ?»

«እሷ? የእህቴ ልጅ ናት። ብሩሽ ታጥብልኛለች።»

ትሪውን ወለሉ ላይ ዘጭ አደረግኩት። በእናቴ ምሎልኝ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ጎንበስ ብዬ ወገቤ የተቆረጠው...

ታፔላ ጸሐፊው ጠጋ አለ። ሰውዬው አሁን ሸራው ጫፍ ላይ ነው፣ ልክ አጥሩ በነበረበት ቦታ።

«ሰማዩ ደህና ነው» አለ። «ይሄ ሰውዬ ግን... ኧረ ምን ዓይነት እጅ ነው! ይሄንንም እርስዎ ነዎት?»

አጎቴ ቆቡን አስተካከለ።

«አዎ» አለ። «የኔ ነው።»

ባቡሯ ቆመች።

ማንም አልነካትም።

ታፔላ ጸሐፊውን እስከ ውጭ በር ተከተልኩት። «እኔ ነኝ የሠራሁት!» አልኩት፣ ትንፋሼ እየተቆረጠ። ለሕፃን እንደሚሳቅ ሳቀልኝ፣ «በርቺ» አለኝና ሄደ።

ተመለስኩ። ያዘጋጀሁትን ስድብ ብትሰሙ!

የጓሮው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ሹክሹክታ ሰማሁ። የአጎቴ ድምፅ ነው።

«አጥሩስ...? አጥሩ የት አለ?»

ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ።

«ኧረ እኔ አይደለሁም የሳልኩህ...»



«የኔ ብሩሽ...» አለ። ቀጭን ነበር ድምፁ። «የኔ ብሩሽ፣ ነይ...»

አልገባሁም።

ተቀይሜያለኋ! ብሩሽ አጣቢ አይደለሁ? ግድግዳውን ተደግፌ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ትንሽ ይለምን ብዬ።

ሃያ ስል ገፍቼ ገባሁ።

ማንም የለም።

በሩ አንድ ነው፣ እኔ ነበርኩበት። መስኮቱ ብረት አለው። ሻዩ ገና ይጨሳል። ወለሉ ላይ፣ ጠረጴዛው ሥር፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ተገልብጧል።

አንድ እግር ብቻ።

ጠረጴዛው ላይ በነፋሁት አፈር ዱካ ነበር፣ የጉንዳን መንገድ የሚመስል። የአንድ ሰው መጥቷል። የሁለት ሰው ተመልሷል።

ቀስ ብዬ ቀና አልኩ።

ሸራው ጫፍ ላይ የነበረው ሰውዬ የለም። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ግን ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይሄዳሉ። አንዱ ባለባርኔጣ። እጁን የሁለተኛው ትከሻ ላይ ጭኗል። ሁለተኛው የትኬት ቆራጭ ቆብ አድርጓል። አንድ እግሩ ጫማ የለውም፤ ለመራመድ አንስቶታል፣ ከነጣቶቹ ይታያል።

የሁለቱም ጥላ ወደ መስኮቱ ወድቋል።

«ጋሼ የት ሄዱ? እማዬ ትፈልጋቸዋለች» አለች እህቴ ከኋላዬ።

በጣቴ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አፍንጫዋ ሸራውን ሊነካ እስኪደርስ አየች። ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች።

«እኔ አይደለሁም!» አልኳት። «እማዬ ትሙት፣ እኔ አይደለሁም የሳልኩት!»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ጣቱ አምስት ነው።»