ሻለቃ አርሴኒ ከመነሳቱ በፊት

«እኔ ካልተቀመጥኩ አባቴ ሰማይ አይወጣም! ገባሽ? ጄኔራሎቹ ይፈርሙ፣ መሐንዲሶቹ ይደምሩ፣ ይቀንሱ፤ የመጨረሻዋ ግን እኔ ነኝ!»

ይህን የተናገረችው የሻለቃ አርሴኒ ማትቬዬቪች ልጅ፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ ታይሲያ ናት፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፲፱፻፷፱፣ ወሩ የካቲት ነበር። ከሞስኮ ወዲያ፣ በጥድ ደን መካከል በተሸሸገው የጠፈር በረራተኞች ሰፈር፣ ኩሬው በብርድ ድንጋይ እስኪመስል ረግቶ ልጆቹ ይንሸራተቱበታል። ሰፈሩ በካርታ ላይ አልነበረም፤ የነዋሪዎቹም ሥራ በውጭ አይነገርም፤ በውስጥ ግን የማን አባት መቼ እንደሚወጣ ድመቶቹ ሳይቀሩ ያውቁ ነበር።

«አንቺ ደግሞ!» አለቻት ራያ፣ የበረዶ ጫማዋን እያጠበቀች። «እቤትሽ ቁጭ ብለሽ ሮኬቱን በቂጥሽ ልትገፊው ነው?»

የራያ አባት ሻምበል ዴምያን የሻለቃው ተጠባባቂ ነበር፤ አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲገባ ሁለቱ አብረው ሠልጥነዋል፤ የጠፈር ልብስም ለሁለቱም ተሰፍቷል።

«ልማድ ነው እኮ! ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከጎደለ መንገዱ ይበላሻል።»

እውነትም ልማድ ነበር። በዚያ አገር ሩቅ መንገደኛ ከመነሳቱ በፊት የቤቱ ሰው ሁሉ ካፖርቱን እንደለበሰ ይቀመጣል፤ ማንም አይናገርም፤ ከዚያ መንገደኛው ቀድሞ ይነሳል። የሰፈሩ ሹማምንት በአምላክ አናምንም ይላሉ፤ ሳይቀመጡ ግን ባቡር እንኳ አይሳፈሩም።

ሻለቃ አርሴኒ የወንዝ ጀልባ ቀዛፊ ልጅ ነበር፤ በታላቁ ጦርነት ማብቂያ፣ ጢሙ ሳያቀመቅም፣ ተዋጊ አውሮፕላን አበረረ፤ ሰላም ሲወርድም በሰሜን የአየር ኃይል ሰፈር፣ ክረምቱን ፀሐይ በማትወጣበት አገር፣ ጄት ሲያበር ኖረ። አንድ ቀን ከዋናው ከተማ የመጡ ሐኪሞች ለብቻው ጠርተው፣ «ጓድ ሻምበል፣ ከዚህ ከፍ ብሎ የሚሄድ ነገር ቢሰጥዎ ያበራሉ?» አሉት። «መመለሻ ካለው አበራለሁ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት በሚሽከረከር ወንበር ታስሮ ዞረ፤ ድምፅ በማይገባበት ክፍል ብቻውን ከረመ፤ የሌሎችም ተጠባባቂ እየሆነ ጓደኞቹን እስከ መሰላሉ ሸኘ። አሁን ተራው የራሱ ነው፤ ዕድሜው አርባ አራት ስለ ሆነ፣ ይህች ካለፈችው ሌላ እንደማትመጣ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል።

ታይሲያ ከኩሬው ስትመለስ ጉሮሮዋ ይከረክራት ጀመር። በማግሥቱ አተኮሳት። ትእዛዙ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነው፤ የታመመ ሰው ወደ መንገደኛው አይጠጋም። ሐኪሙ ቤተሰቡን ሊመረምር ሲመጣ፣ ሙቀት መለኪያውን በብብቷ በማድረግ ፈንታ በሸሚዟና በሹራቧ መካከል ሸጎጠችው፤ «እንደ ብረት ነሽ!» ብሏት ሄደ። ጉንፋን ያወጣል ሲባል ሰምታ ካልሲዋ ውስጥ የሰናፍጭ ዱቄት ጨመረች፤ ነጭ ሽንኩርት እንደ ከረሜላ አኘከች። ጉራ ብቻ አልነበረም፤ ፈርታለች። «ጉንፋን ማንን ገደለ?» አለች በልቧ፤ «የተበላሸ መንገድ ግን ይገድላል።»

ወደ ሮኬቱ መተኮሻ በሚሄድበት ዕለት ጠዋት መኪናው ከደጅ ቆመ። አባት፣ እናትና ልጅ ካፖርታቸውን ለብሰው በረጅሙ ወንበር ተደርድረው ተቀመጡ። እናቷ ሴራፊማ እጇን በጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ወለሉን ታያለች። የታይሲያ ማስነጠስ ከሆዷ ተነስቶ አፍንጫዋ ላይ ደረሰ፤ እጅጌዋን ነክሳ መለሰችው። ሻለቃው ዘንበል ብሎ ግንባሯን ሳማት፤ ከንፈሩንም ቶሎ አላነሳም። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ፤ አልተነሳም። ደግሞ ነፋ፤ አሁንም አልተነሳም። በመጨረሻ «በሉ እንግዲህ» ብሎ ቆመ።

ሮኬቱ የተተኮሰ ዕለት ሬዲዮው እንደ ልማዱ በግርማ ሞገስ አወጀ፤ «የመንኮራኩሩ አዛዥ፣ የሶቪየት ኅብረት ዜጋ፣ ሻምበል ዴምያን…» ከኮሪደሩ ወዲያ የራያ ቤት በእልልታ ተናጋ። ሴራፊማ ሬዲዮውን አላጠፋችም፤ ዞራ ልጇን አየቻት፤ ልጇም አነጠሰች። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

ራያ ከበሩ ብቅ ብላ ታይሲያን በቁልምጫ፣ «ታይካ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ጥሩ አድርገሽ ተቀምጠሻል!» አለችና ሮጠች።

ሻለቃው በሳምንቱ ተመለሰ፤ ከስቷል፤ አፍንጫው ቀልቷል። ታይሲያ ካፖርቶቹ ከተሰቀሉበት ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታለች።

«ታይካ፣ ውጪ።»

«አልወጣም። እዚሁ አረጃለሁ።»

«ካፖርቴን ልሰቅል ነው፤ ቦታ ልቀቂ።»

«አባዬ፣ ትኩሳት ነበረኝ። ሐኪሙን ያታለልኩት እኔ ነኝ። ካልተቀመጥኩ የማትመለስ መስሎኝ…»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«ከንፈሬ። ግንባርሽ እንደ ሞተር ይግል ነበር።»

ቁም ሣጥኑ ተከፈተ፤ ፀጉሯ ቆሞ፣ ዓይኗ አብጦ ወጣች። «ታዲያ ለምን አልተነሳህም? ለምን አልሸሸህም? ጅል ነህ እንዴ?»

ሻለቃው ጫማ ማውለቂያው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «ከወጣትነቴ ጀምሮ ተነስ ሲሉኝ ተነስቻለሁ» አላት። «በጦርነቱ ተነሳሁ፤ በሰሜን ተነሳሁ፤ አንቺ የተወለድሽ ሌሊት እንኳ ከእናትሽ አጠገብ ተነስቼ ሄድኩ። ያን ጠዋት ብሸሽና ሳልመለስ ብቀር፣ ዕድሜ ልክሽን የምታስታውሺኝ ካንቺ ስርቅ ነበር። ለሐኪሙ በመንገድ ልነግረው አሰብኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ። እዚያ ስደርስ ግን ትኩሳቴ ራሱ ነገረው።»

«እንደገና ይጠሩሃል?»

«አላውቅም፣ ልጄ» አለ። ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ታይሲያም ትከሻው ላይ አገጯን አስደገፈች።

ሻምበል ዴምያን ከሰማይ በደህና ተመለሰ። ደረቱ በኒሻን ተሞላ፤ ሻለቃም ሆኖ ተሾመ፤ ይሁን እንጂ ግብዣው እንዳለቀ ወደ ጄኔራሉ ቢሮ ገብቶ፣ «ጓድ ጄኔራል፣ የተቀመጥኩት በሰው ወንበር ነው። ቀጥሎ የሚወጣ ካለ አርሴኒ ማትቬዬቪች ይሁን፤ ተጠባባቂው እኔ እሆናለሁ» አለ። ጄኔራሉ «ሰውዬው እኮ አርጅቷል» ቢለው፣ «እንግዲያው ቶሎ ላኩት» ብሎ መለሰለት። ይኸው ሆነ፤ በሁለተኛው ዓመት ጸደይ ሻለቃ አርሴኒ ወጣ። መሬትን ደጋግሞ ዞሮ በካዛኮች አገር ሰፊ ሜዳ ወረደ፤ ከሄሊኮፕተሮቹ ቀድመው የደረሱት ፈረስ ጠባቂዎች ከመንኮራኩሩ ጠባብ መውጫ ጎትተው የኮመጠጠ የፈረስ ወተት አጠጡት፤ «ከየት ነው የምትመጣው?» ሲሉት በጣቱ ወደ ላይ አሳያቸው፤ እነርሱም «በዚህ ዕድሜህ?» አሉት ይባላል።

ታሪክ ሚዛኗ እንግዳ ነው። ከዓመታት በኋላ የበረራተኞቹ ታሪክ በወፍራም መጽሐፍ ሲታተም፣ ለዴምያን ሙሉ ገጽ፣ ለአርሴኒ ጥቂት መስመር ደረሰ፤ ስለ መጀመሪያው በረራም «አዛዡ በጤና ምክንያት ተለወጠ» ተብሎ ታለፈ። ጡሩምባ እየተነፋበት ከልጁ አጠገብ ያልተነሳ አባት በየትኛውም ገጽ አልተገኘም፤ ከሰማይ የወረደውን የሚመዘግብ ብዙ ነው፤ ከወንበር ያልተነሳውን ግን ማን ይመዘግባል?

ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው ታይሲያ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ገልብጣ በእናቷ ፊት ዘጋችው።

«አየሽ፣ እማዬ? የሁለት ጀግኖች ታሪክ የለወጥኩ ሰው ነኝ፤ ስለ እኔ ግን አንዲት ቃል የለም!»

ሴራፊማ ከምትልጠው ድንች ቀና ሳትል፣ «ደግ ነው ያለፉሽ» አለቻት፤ «ቢጽፉሽ ‹ንፍጣሟ› ይሉሽ ነበር።»