ቆጣሪ ያለው ቤት

«…ስለዚህ እኛ ወጣቶች ረቂቁን እንደግፋለን» አለች ሜሪ ማይኩን ጠበቅ አድርጋ ይዛ። «ወንዙ ዳር በሕገወጥ መንገድ የተሠሩ ቤቶች ያለ ካሳ ይነሱ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። የከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የሆነው አባቷ፣ ኦቦ ራያ፣ ከመድረኩ ሆኖ ፈገግ አለላት። ከሁሉም አስረዝመው ያጨበጨቡት ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት እትዬ ብርሃነሽ ነበሩ፤ የቅርብ ጓደኛዋ የቤቴል እናት። የሌሊት ፈረቃቸውን ጨርሰው ከፋብሪካ በቀጥታ ስለመጡ የሥራ ሽርጣቸውን እንኳ አላወለቁም። ቤታቸው ያለው ወንዙ ዳር ነው።

ሜሪ አፈረች። ነዋሪውም ተጠርቶ ከምክር ቤቱ ጋር እጅ በሚያወጣበት እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ሐሳብ የሚሰጥ ሰው ቀድሞ ይመረጣል፤ ምን እንደሚልም ይነገረዋል። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። አዲሱ አገር አቀፍ የከተማ ፕላን ረቂቅ ወንዝ ዳር ያሉ ካርታ የሌላቸው ቤቶች ያለ ካሳ እንዲነሱ ያዛል፤ ምክር ቤቶችም መልሳቸውን ለመንግሥት መላክ አለባቸው። የዚህ ምክር ቤት ሁለት አባላት «ቢያንስ ካሳ ይሰጥ ብለን እንመልስ» እያሉ አስቸግረዋል። አባቷ ከአዲስ አበባ በመጡት እንግዶች ፊት ክርክር እንዲነሳ አልፈለገም። ልጅ ሲናገር ደግሞ ማን ይከራከራል?

ትናንት ራት ላይ ሜሪ ስለ እነ ቤቴል ቤት ጠይቃው ነበር።

«ካርታ የላቸውም» አላት ሳህኑ ላይ እንዳቀረቀረ። «ካርታ የሌለው ቤት በሕግ ፊት ቤት አይደለም።»

«መብራት ግን አስገብታችሁላቸዋል። ቆጣሪው በስማቸው ነው።»

«ቆጣሪ የሰጠናቸው እንዳይጨልምባቸው ነው፤ ቤት እንዲኖራቸው አይደለም። ኢንተለ ኮ፣ አንቺ ባትናገሪ ሌላ ልጅ ይናገራል። ቤቱ እንደሆነ ያው ይፈርሳል።»

በኦሮምኛ «ልጄ» የሚላት አንድ ነገር ሲፈልግ ነው። ሜሪ እምቢ ማለት አቃታት። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ማይክ ትወዳለች።

ከመድረኩ ስትወርድ ያገኘችው ባዶ ወንበር እትዬ ብርሃነሽ አጠገብ ብቻ ነበር። እጇን ጨብጠው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ጎበዝ፣ የኔ ልጅ። እነዚህ ከላይ በኩል ላስቲክ የወጠሩት ወራሪዎች ናቸው ያስቸገሩን። እኛ በስማችን ቆጣሪ አስገብተን፣ በየወሩ እየከፈልን ነው የምንኖረው።»

ሜሪ አሁን ገባት። ሴትዮዋ የሚፈርሰው የሌላ ሰው ቤት መስሏቸዋል። መብራት ኃይል ስላወቃቸው መንግሥትም በሙሉ ያወቃቸው መስሏቸዋል። አንድ ቃል ብቻ ሹክ ብትላቸው ይበቃ ነበር።

«የሚቃወም እጁን ያውጣ» አለ አባቷ። ሁለቱ አባላት አንገታቸውን ደፉ። የአባቷ ዓይን እሷ ላይ ነበር። ሜሪ ፊቷን ከእትዬ ብርሃነሽ ወደ መድረኩ መለሰች።

«የሚደግፍ?»

ቀድመው እጃቸውን ያወጡት እትዬ ብርሃነሽ ናቸው። ሌላውም ተከተለ። አባቷ ምክር ቤቱና ነዋሪው ረቂቁን በሙሉ ድምፅ መደገፋቸውን ለእንግዶቹ አበሰረ፤ ፎቶም ተነሡ።

ቤቴል በሩ ላይ ትጠብቃቸው ነበር። «ቀወጥሽው አሉ» ብላ ሜሪን ክንዷን ይዛ ሳመቻት። እናቷ ደግሞ አንቺስ እንደሷ የምትናገሪው መቼ ነው እያሉ ልጃቸውን ይተርቧት ጀመር።

የሜሪ አባት መኪና አጠገባቸው ቆመ። አባቷ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ምሳ ከእንግዶቹ ጋር ስለሆነ ቶሎ እንድትገባ ነገራት።

«ከእነ ቤቴል ጋር እሄዳለሁ» አለች።

አባቷ አፍጥጦ አያት። ከዚያ መስኮቱ ተዘጋ።

ሦስቱ ወደ ወንዙ የሚያወርደውን ኮረኮንች ያዙ። ቤቴል ክንዷን አልለቀቀችም። የቆርቆሮው ጣሪያ ሲታይ ሜሪ ጠየቀች፦

«እትዬ ብርሃነሽ፣ ለቤቱ ካርታ አላችሁ?»

እሳቸው ሳቁ። «ካርታ ምን ያደርግልናል? ቆጣሪ አለን እኮ።»

ሜሪ ቆመች። የምትነግራቸውን ስትሰማ ቤቴል ራሷ እንደምትለቃት ስላወቀች፣ ቀድማ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«ቁጭ እንበልና ልንገራችሁ» አለች።