እሳቴ

«እሳቴ፣ ነይ እስኪ እዪው!»

ድንቡሼ ከተቀመጠችበት ባልዲ ላይ ብድግ አለች። እናቷ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ በፋብሪካው ትንሿ የሸክላ ምድጃ ማያ ቀዳዳ ወደ ውስጥ እያየች ነው። ድንቡሼ ገና እግሯን ስታነሳ ሎጋ ከኋላዋ መጥታ ቀድማት አለፈች።

«መጀመሪያ ቀይ ነበር፣ አሁን ብርቱካን መስሏል» አለቻት እናት ለሎጋ፣ መነጽሩን እያቀበለቻት። «ወደ ቢጫ ሲሄድና ያቺ የሙቀት መለኪያ ሹል ሸክላ ለስልሳ አንገቷን ስትደፋ ጋዙን እናጠፋለን።»

ድንቡሼ የጫማዋን ክር ልታስር የተነሳች መስላ ጎንበስ አለች። ክሩ ታስሯል።

«ድንቡሼ» የሚሏት የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። «እሳቴ» ግን የእናቷ ቁልምጫ ነበር፣ ለእሷ ብቻ። የጣሪያ ሸክላ ፋብሪካ ውስጥ ምድጃ የምትቆጣጠር እናት ልጇን ከዚህ በላይ በምን ታቆላምጣት? ዘንድሮ ግን የአክስቷ ልጅ ሎጋ ለትምህርት እነሱ ቤት ገባች። አልጋዋን ተካፈለቻት፣ ይሁን። ቁም ሳጥኗን ተካፈለቻት፣ እሱም ይሁን። ስሟንም?

ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ደግሞ የሥዕል መምህሩ የመረጡት የሎጋን ማሰሮ ነው። የድንቡሼን ጎድጓዳ ሳህን አገላብጠው አይተው፣ «ትንሽ ዘመም አላለችም?» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሳህኗ አሁን ቤት ውስጥ የሳሙና ማስቀመጫ ሆናለች። ማሰሮው ግን የቀለም መሞከሪያ በሆነችው ትንሿ ምድጃ ውስጥ ብቻውን ተንቀባሮ ይተኮሳል።

በማግስቱ ከሰዓት ሦስቱም ትናንት ጋዟ የጠፋው ትንሿ ምድጃ ዘንድ ነበሩ። አንድ ሠራተኛ እየሮጠ መጥቶ ትልቁ ምድጃ ውስጥ ሸክላ የጫነ ጋሪ ሐዲዱ ላይ መገተሩን ተናገረ። እናት ጓንቷን አንስታ ተከተለችው።

«እሳቴ፣ አደራ!» አለች ዞር ሳትል። የቷን ማለቷ እንደሆነ አልታወቀም።

ሎጋ ትንሽ ተንቆራጠጠችና መዳፏን የምድጃዋ ግድግዳ ላይ አሳረፈች። «በረደ እኮ! ንኪው እስቲ። ኤግዚቢሽኑ ነገ ነው፣ እንክፈተው?»

ድንቡሼ መንካት አላስፈለጋትም። ግድግዳው በወፍራም ጡብ የተደረበው ሙቀቱ እንዳይወጣ ነው፤ ውጭው ቀዝቅዞ ውስጡ ገና ሊፋጅ ይችላል። በሩ ተከፍቶ ቀዝቃዛ አየር ድንገት ከገባ ሸክላው ይሰነጠቃል። ይህን ቁመቷ ማያ ቀዳዳው ጋ ሳይደርስ ጀምሮ ታውቃለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «እሳቷ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ሎጋ ነገሩ አልገባትም፤ ሳቀች። «አክስቴ ስትመጣ ከፍተን ብንጠብቃት እንዴት ደስ እንደሚላት!» ጓንት አጥልቃ የበሩን መወርወሪያ ያዘች።

ድንቡሼ ዝም አለች። ዝም ያለን ሰው ማን ይከሰዋል? ማሰሮው ሲሰነጠቅ፣ ሎጋ ስታለቅስ ታያት፤ በሆዷ እሰይ አለች። እውነቷን ነው፣ ደስ አላት።

ሎጋ መወርወሪያውን መሳብ ጀምራ ቆም አለች። «አንቺ ምንም ካላልሽ ችግር የለውም ማለት ነው፣ አይደል? ከእኔ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«ቆዪ!»

ድንቡሼ ነበረች። ከጠረጴዛው ላይ አሮጌ ጋዜጣ ቀድዳ ጠቀለለች፣ የማያ ቀዳዳውን ውታፍ በጉጠት ነቅላ ወረቀቱን አስገባች። ስታወጣው ጫፉ ጠቁሮ ይጨሳል።

ሎጋ መወርወሪያውን ለቃ ወደ ኋላ አለች። «ግድግዳው እኮ ቀዝቃዛ ነው!»

«ግድግዳው ይዋሻል። ወረቀቱ ሳይጠቁር ሲወጣ ነው የሚከፈተው።»

«ታዲያ ቅድም ለምን አልነገርሽኝም?»

ድንቡሼ ረስቼው ነው ልትል አፏን ከፈተች። የሚጨሰውን ወረቀት መሬት ላይ ጥላ ረገጠችው።

«ቀንቼ» አለች።

ሎጋ እንደ ቀልድ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አላዋጣትም። ጓንቷን አውልቃ ባልዲው ላይ ተቀመጠች።

«እሳቴ!» ሲል የእናት ድምፅ ከግቢው ማዶ መጣ። «ከፈታችሁት እንዴ?»

ሎጋ እንደለመደችው ብድግ አለች፣ ድንቡሼን አየችና መልሳ ቁጭ አለች።

«ገና ነው፣ እማ!» ብላ ድንቡሼ ጮኸች። ከዚያ ጋዜጣውን እንደገና ቀድዳ፣ አጥብቃ ጠቀለለችና ለሎጋ ዘረጋችላት።

«ያዢ። ትንሽ ቆይተን ደግሞ አንቺ ትሞክሪያለሽ። ስታስገቢው ፊትሽን ከቀዳዳው ዘወር አድርጊ።»