ከመዝሙሩ የወጣችው መሲ

ሰኞ ጠዋት አብዮት መዝሙር የሚቀዳበትን ሱቁን ሲከፍት የኮምፒውተሩ ሲፒዩ የለም።

ስክሪኑ አለ። ስፒከሮቹ አሉ። መዝሙር የሚያጅብበት ኪቦርድም ቦታው ላይ ነው። ገመዶቹ አንድ በአንድ ተነቅለው የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል። ከጠረጴዛው ሥር አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ወለል ብቻ ቀርቷል።

ሳጅን በዛብህ ከፖሊስ ጣቢያው በእግሩ መጣ። ቦንጋ ከተመደበ ሁለት ዓመቱ ነው።

«ምን ነበረበት?»

«የስድስት ዓመት ሥራዬ። የዚህ አካባቢ መዘምራን የቀዱት ሁሉ።»

«ሌላ ቦታ ገልብጠህ አላስቀመጥክም?»

«ዛሬ ነገ እያልኩ።»

«መቼ ነው የተወሰደው?»

«ትናንት ረፋዱ ላይ መሆን አለበት። ሰፈሩ ሁሉ ጸሎት ቤት ነበር።»

የጓሮው በር በሽቦ ነበር የሚታሰረው። ሽቦው አልተቆረጠም። ተፈቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ሳጅኑ ሲነካው ጣቱ ላይ ቢጫ ነገር ተጣበቀበት። አሸተተው። የማር ሰፈፍ ነው። ፍቆ በወረቀት ጠቀለለና ኪሱ ከተተው። በዚህ አገር ማር የማይነካ እጅ ጥቂት ስለሆነ ብዙም ተስፋ አልጣለበትም።

«ማንን ትጠረጥራለህ?»

አብዮት በአገጩ ወደ መንገዱ ማዶ አመለከተ። ማዶ የሰላሐዲን ሱቅ አለ። እሱም ሲዲ ያባዛል። በደንበኛ የተነሳ ከተኳረፉ ዓመት ሆኗቸዋል።

ሰላሐዲን ፍተሻውን ቆሞ አሳየ። ሣጥኖቹን ራሱ እየከፈተ።

«ሳጅን፣ የኔ ስክሪን ግማሹ አይበራም። የሰው ፊት እስከ አፍንጫ ድረስ ነው የማየው። ብሰርቅማ ስክሪኑን ነበር የምሰርቀው።»

ምንም አልተገኘም።

«እኔን ከምትፈትሽ» አለ ሰላሐዲን ሣጥኑን እየዘጋ፣ «ስለ እትዬ ወሰንየለሽ ጠይቀው። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ሙሉ ደጁ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። እሱ በጓሮ ነበር የሚወጣው።»

«የትኛዋ ወሰንየለሽ?»

«ከማንኪራ ማር እያስመጡ የሚያጠሩት።»

ሳጅኑ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ወረቀቱ እዚያው ነበር።

ተመልሶ አብዮት ፊት ቆመ።

«እትዬ ወሰንየለሽ ምን ፈልገው ነበር?»

አብዮት አንዱን ገመድ አንስቶ ጣቱ ላይ መጠቅለል ጀመረ።

«ሲዲ።»

«ሰጠሃቸው?»

«ሰጥቻቸዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተመልሰው መጡ?»

ገመዱን ፈትቶ እንደገና ጠቀለለው።

«አብዮት።»

«ልጃቸው የለችበትም» አለ።

መሲ የእትዬ ወሰንየለሽ አንድ ልጅ ነበረች። ደካ ወደሚባል ቦታ አስተማሪ ሆና ተመደበች። ከመሄዷ በፊት እዚህ ሱቅ ውስጥ አንድ መዝሙር በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ ቀዳች። በዓመቱ ታማ ወደ ቦንጋ ሲያመጧት መንገድ ላይ አረፈች። እናቷ የቀራቸውን ሲዲ ጠዋት ማታ ሲያጫውቱ ተጫጫረና ማንበብ አቆመ። ዋናው ኮምፒውተሩ ላይ ስላለ ሌላ እንዲገለብጥላቸው ወደ አብዮት መጡ። አብዮት ገልብጦ ሰጣቸው። ቤታቸው ወስደው ሲከፍቱት ሙዚቃው አለ፣ መሲ የለችም።

ሳጅኑ አብዮትን አስከትሎ ሄደ።

እትዬ ወሰንየለሽ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ማር በጨርቅ ይጨምቃሉ። ፖሊሱን ሲያዩ አልተነሡም።

«ከትናንት ጀምሮ እየጠበቅኋችሁ ነው» አሉ። «እኔ ማስነሻውን አላውቀውም።»

ሲፒዩው የመሲ አልጋ ላይ ነበር። በጋቢ ተሸፍኗል።

«እርስዎ ነዎት የወሰዱት?» አለ ሳጅኑ። ደንብ ስለሆነ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ። ስክሪኑን አልነካሁም። ልጄ እዚህኛው ውስጥ እንዳለች ራሱ ነው የነገረኝ።» ወደ አብዮት ዞሩ። «ከመዝሙር ውስጥ የዘማሪ ድምፅ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ ብለሃል ለመዘምራኑ። እኔ ማር ሳጠራ ሰፈፉን አልጥለውም። ይኸው፣ ለብቻው ተቀምጧል። አንተ ያወጣኸውን የት አስቀመጥከው?»

አብዮት መሬት መሬቱን አየ።

«እትዬ፣ አውጥቶ አያስቀምጥም። የተቀዳ መዝሙር ግራና ቀኝ አለው። ዘማሪዋ መሃል ናት፤ በሁለቱም በኩል እኩል ትሰማለች። ፕሮግራሙ ግራውን ከቀኙ ይቀንሳል። እኩል የሆነው ይጠፋል።»

«ጠፍቶ የት ይገባል?»

«የትም።»

የጨርቁ ማር ጠብ ጠብ ይላል።

«ከቢታ ገነት የመጡ መዘምራን ሙዚቃውን ብቻ ፈለጉት፤ ሊዘምሩበት» አለ አብዮት። «መብራት ይሄዳል ይመጣል። ቸኮልኩ። በሌላ ስም ማስቀመጥ ሲገባኝ በዚያው ስም አስቀመጥኩት። አሮጌው ላይ ተጻፈበት። እርስዎ ሲመጡ ያንኑ ገለበጥኩልዎትና ደህና ነው ብዬ ዋሸሁ። አውቅ ነበር። የዚያኑ ቀን ሰምቼዋለሁ።»

«ሦስት ቀን ደጅህ ስቀመጥ?»

«ዓይንዎን ማየት አቃተኝ።»

«ብትነግረኝ እኮ አልሰርቅህም ነበር» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «አለቅስና እሄድ ነበር።»

ሳጅኑ ሲፒዩውን ራሱ ተሸከመ። እሳቸው ጋቢውን ይዘው ተከተሉ። 

ሱቁ ውስጥ አብዮት ገመዶቹን መልሶ ሰካ። «አንድ ነገር ቀርቷል» አለ። «ልነግርዎት ያፈርኩበት። ስቀዳት ድምፅዋ አዳራሽ ውስጥ እንዳለች እንዲመስል ማሚቶ ጨምሬበት ነበር። ማሚቶው ግራና ቀኝ ተበትኖ ስለሚሄድ ሁሉም አልጠፋም። ቃሉ ግን አይለይም።»

«ክፈተው።»

ኪቦርዱ መጣ። ከበሮው ሳስቷል። ከኪቦርዱ ኋላ፣ በጣም ሩቅ፣ እንደ ጭስ ያለ ነገር ተነሣና ወረደ። ፊደል የለውም።

ሳጅኑ የስርቆት ማመልከቻ ቅጹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የጠፋ ንብረት በሚለው ሥር «አንድ ሲፒዩ፣ ተገኝቷል» ብሎ ጻፈ። ፈጻሚ በሚለው ላይ እስክሪብቶው ቆመ። አብዮት ወረቀቱን ሳበና ግርጌው ላይ ክሱን ማንሳቱን ጽፎ ፈረመ።

«ከመጀመሪያው አድርገው» አሉ እትዬ ወሰንየለሽ።

አደረገው።

ጋቢውን እቅፋቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይወጣቸውም። ሳጅኑ ካፊኖኖ አይሰማም። ቢሆንም የትኛው ቃል የት እንደሚያርፍ ከከንፈራቸው ማየት ይችል ነበር። እሳቸው ቃሉን ይጨርሳሉ። ከዚያ ትንሽ ዘግይቶ፣ ከግራና ከቀኝ፣ ማሚቶው ይደርሳል።