የአሥራ አራት ብር እንቁላል

አራተኛውም ተንሳፈፈ። አሚራ ሳፋው ውስጥ የሚዋልሉትን እንቁላሎች እያየች ከንፈሯን ነከሰች። ከሰባቱ አራቱ ተበላሽተዋል ማለት ነው። ከመግዛቷ በፊት መፈተሽ ነበረባት፤ አሁን ምን ዋጋ አለው?

እናቷ በየሰኞው መቶ አርባ ብር ትሰጣታለች። ከጋሼ ተመስገን ሱቅ፣ አንዱ በሃያ ብር፣ ሰባት እንቁላል እንድትገዛ ነው። የሁለት ዓመቱ ወንድሟ ኡበይድ ከስቷልና በቀን አንድ እንቁላል ይብላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሲስተር ለምለም ናት። እናትየው ሻይ ለመሸጥ ሳይነጋ ወደ መናኸሪያ ስለምትወጣ፣ ቀቅላ የምታበላው አሚራ ናት።

ጋሼ ተመስገን እያንዳንዱን እንቁላል ወደ ብርሃን አንስተው ሳያዩ አይሸጡም። ጓደኛዋ ሰሊማ ግን ሳቀችባት።

«ፋራ አትሁኚ! አስፋልት ዳር በአሥራ አራት ብር ይሸጥ የለ እንዴ? እንቁላል ያው እንቁላል ነው።»

በሒሳብ መቼም አሚራን የሚያህላት የለም። በሳምንት አርባ ሁለት ብር ትርፍ! ከአስፋልት ዳር እየገዛች ሦስት ሳምንት አጠራቅማ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና መለማመጃ መጽሐፍ ለመግዛት ጥቂት ቀርቷታል። የሸዋሮቢት ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለ እንቁላል ምን እንደሚሆን ግን አላሰላችም። የመጀመሪያው ሲሸታት ደብቃ ጣለችው፤ ለኡበይድ ዳቦ በሻይ ነክራ ሰጠችው። ከዚያ ሌላ ጣለች፣ ከዚያም ሌላ። በኋላ መቁጠሩን ተወችው።

ከውጭ የእናቷን ድምፅ ሰማች። ሳፋውን ከአልጋው ሥር ከመግፋቷ እናቷና ሲስተር ለምለም ተከታትለው ገቡ።

ሲስተር ለምለም የኡበይድን ክንድ ለካች። ደግማ ለካች።

«ምንም አልጨመረም እኮ። እውነቱን ንገሪኝ፣ እንቁላሉን ይበላል?»

«በየቀኑ ይበላል!» አለች እናትየው።

«የሚበላ ልጅ እንዲህ አይሆንም፣ እህቴ።»

የእናትየው ፊት ተለዋወጠ። «ምሳዬን እየተውኩ ነው የምገዛለት! ወላሂ፣ አንድ ቀን ቀርቶበት አያውቅም!»

አሚራ እናቷ ምሳዋን እንደምትተው አታውቅም ነበር። ደግሞ እናቷ በዋዛ አትምልም፤ ልጆቿ ለጨዋታ እንኳ ሲምሉ ከሰማች ትቆጣለች። አሁን ሳታውቀው በውሸት ማለች፤ ያስማለቻት አሚራ ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ሲስተር ለምለም መዝገቧ ላይ መጻፍ ጀመረች። ያላመነች መሆኗ ያስታውቃል።

«አላመንሽኝም?» አለች እናትየው። «በድጋሚ እምልልሻለሁ! ወላ...»

አሚራ ጎንበስ ብላ ሳፋውን ከአልጋው ሥር ሳበችው። ውሃው እግሯ ላይ ፈሰሰ። አራቱ እንቁላሎች አሁንም እንደተንሳፈፉ ናቸው። በሁለቱ ሴቶች መካከል አስቀመጠችው።

«እማ» አለች፣ «አትማይ።»