ፈንታነሽን ፍለጋ በኔታንያ ገደል

«ሁሉም ሰው አለ?» ብላ ሲቫን ከአውቶቡሱ በር ላይ ሆና ጠየቀች።

«አለን!» አሉ ወንዶቹ ባንድ አፍ።

ደምሰውም አብሮ «አለን» አለ። ከሴቶቹ በኩል ግን ሚስቱ ፈንታነሽ ስትመጣ የተቀመጠችበት ወንበር ባዶ ነበር። ዞር ብሎ አሮጊቷን እማማ ማናለሽን አያቸው። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያን ጊዜ ገባው። ፈንታነሽ ውጭ ናት።

በጎንደር ገጠር፣ በቤተ እስራኤል ዘንድ፣ ደሟ የመጣባት ሴት ከመንደሩ ዳር ባለችው የመርገም ጎጆ ሰባት ቀን ትቀመጣለች። ማንም አይነካትም፣ የነካችውንም ማንም አይነካም። ወንድ ልጅ «የት ሄደች?» ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ደግሞ ከፊት ወንበር ቄሳቸው፣ ቄስ ዘመዱ፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው ተቀምጠዋል። ፈንታነሽ እሳቸው ካሉበት መኪና ገብታ ሕዝቡን ሁሉ ከምታረክስ በእግሯ ብትሄድ ትመርጣለች። ደምሰው ይህን ሁሉ እያወቀ አፉን ዘጋ። አውቶቡሱ ተነሣ።

ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት ነው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር። በዚህ አገር ክረምት የሚባለው በየካቲት ነው፤ ያን ዓመት ደግሞ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ነበር። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡትን ሰዎች ኔታንያ በምትባል የእስራኤል ከተማ ከባሕሩ ዳር ካለ የቱሪስት ሆቴል አሳርፈዋቸዋል። በበጋ ፈረንሳዩ ፀሐይ ሊሞቅ የሚመጣበት ሆቴል ነው። ባሕሩ ጥርሱን ሲያወጣና ቱሪስቱ ሲሸሽ ክፍሉ ለእነሱ ሆነ። የሆቴሉ መሪያቸው ሲቫን ደግ ልጅ ናት፤ «የአገራችሁን ውበት እዩ» ብላ ያን ዕለት ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው የአሸዋ ኮረብታ ወሰደቻቸው። አይሪስ የሚሉት ጥቁር ሐምራዊ አበባ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ይፈካበታል። ሰው ከሃይፋም ከኢየሩሳሌምም መኪና እየነዳ መጥቶ ተንበርክኮ ፎቶ ያነሣዋል። ደምሰው አየው። ያምራል፣ አልካደም። አርማጭሆ ላይ ግን ይህን የመሰለ አበባ በሬ ይበላው ነበር፤ አውቶቡስ አቁሞ ያየው ሰው አልነበረም።

ደምሰው የአርማጭሆ ቆላ ልጅ ነው። የሚስቱ ወገኖች የወገራ ደገኞች ናቸው። በሠርጉ ቀን ወንድሟ ብዙዓየሁ በሽማግሌዎች ፊት ብርሌውን ከፍ አድርጎ «እኅታችንን ለወባ ዳርናት!» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። የሳቁት ሰዎች ረስተውታል። ደምሰው ግን ማን ከማን አጠገብ ተቀምጦ እንደሳቀ እስከ ዛሬ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ በነሱ መካከል ቢቀመጥ ከጫፍ ነው፤ ቢናገር የሚሰማው የለም።

ሆቴሉ ደርሰው ራት ቀረበ። ፈንታነሽ አልመጣችም። ነፋሱ የበረንዳውን ወንበሮች እያንከባለለ ከግድግዳ ጋር ያላትም ጀመር። ሲቫን ወደ ቤቷ ሄዳለች። እማማ ማናለሽ ከአዳራሹ ምሰሶ አጠገብ መጥተው ቆሙና ለምሰሶው ተናገሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለወንድ ፊት ለፊት አይነገርምና።

«አንተ ምሰሶ፣ ስማኝ። በባሕሩ ዳር፣ በገደሉ ሥር ለሥር እመጣለሁ ያለች ሰው እስካሁን መድረስ ነበረባት። በሌላ በኩል መንገዱ ይጠፋኛል ብላ ነው። እኔ አሮጊት ምን ላድርግ?»

ደምሰው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣና ወደ በሩ ዘበኛ ወደ ሽሙኤል አቀና። ብዙዓየሁ ከኋላው ክንዱን ያዘው።

«ወዴት ነው? ለዘበኛው የእኅቴን ገመና ልትዘከዝክለት?»

«ባሕሩን አላየኸውም? ፖሊስ ይጥራልን!»

«ምን ልትለው? ለምን ከአውቶቡስ ቀረች ሲልህ ምን ልትመልስ? በል ቁጭ በል፣ እኔ እሄዳለሁ። ቆለኛ ባሕር አያውቅም።»

«ደገኛስ ከየት አወቀው?»

ብዙዓየሁ ጋቢውን ተከናነበ። ሁለቱም ወጡ።

ወደ አሸዋው የሚያወርደውን ደረጃ በሩጫ ወረዱት። በስተግራቸው ገደሉ ቆሟል፤ አሸዋ ደርቆ የተጋገረ የሚመስል፣ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ቢጫ ድንጋይ ነው። በስተቀኛቸው ባሕሩ ይጓራል። በመካከሉ የቀረው መንገድ ጠባብ ነበር፤ ማዕበሉ ሲመጣ እሱም ይጠፋል። ማዕበሉ ሲመለስ ይሮጣሉ፣ ሲመጣ ከገደሉ ይጣበቃሉ። «ፈንታነሽ!» ይላል ደምሰው፤ ነፋሱ ድምፁን ነጥቆ ወደ ከተማው ይወስደዋል።

አንድ ትልቅ ማዕበል መጣ። ብዙዓየሁ አላየውም፤ ራሱን ተከናንቧል። ውሃው ከጉልበቱ በታች መታውና ጣለው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይጎትተው ጀመር። ደምሰው ዘሎ የጋቢውን ጫፍ ያዘ፣ ተረከዙን አሸዋው ውስጥ ቀበረና ሳበ። ውሃው በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል። ጨርቁ ሲቀደድ ተሰማ። ብዙዓየሁ በሆዱ እየተጎተተ ወጣ፤ ጨውና አሸዋ ተፋ።

«ጋቢዬን ቀደድከው» አለ።

«ሌላ ጊዜ ጋቢውን ይዤ አንተን እለቃለሁ።»

ከዚያ ወዲያ በታች በኩል መሄጃ አልነበረም። ገደሉ በተናደበት በአንድ ፈረፈር በእጅና በእግራቸው ተንጠላጥለው ወደ ላይ ወጡ። ገደሉ አናት ላይ በበጋ አይስክሬም የሚሸጥባት ኪዮስክ አለች፤ በቆርቆሮ ተዘግታለች። የቱሪስት ጥላዎች አጠገቧ ተከምረዋል፣ ነፋሱ ሰባብሯቸዋል። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ቆም ሲሉ ከኪዮስኳ ወለል ሥር ጉርምርምታ ተነሣ።

ውሾች ናቸው። ባለቤት የሌላቸው፣ ክረምቱ ያስራባቸው፣ አጥንታቸው የሚቆጠር። አንዱ ወጣ፣ ሌላው ተከተለ፣ ከዚያ ግማሽ ክብ ሠርተው መጡ።

«አትሩጥ» አለ ደምሰው በቀስታ። «ብዙዓየሁ፣ እንዳትሮጥ።»

ብዙዓየሁ ሮጠ። ቢጫዋ ውሻ ተወርውራ ባቱን ነከሰችው። ደምሰው ለድንጋይ ጎንበስ አለ፤ እጁ የዘገነው አሸዋ ብቻ ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ ውሻ ያባረረበት ድንጋይ በዚህ አገር የለም! አሸዋውን በዓይኖቻቸው ላይ በተነ፣ ከክምሩ የአንዱን ጥላ ብረት መዞ አወጣና ቢጫዋን ጎኗ ላይ አሳረፈባት። ጮኸች። ሁለተኛውን አፍንጫው ላይ መታው። ከዚያ ብረቱን እያፏጨ አዞረው፤ ውሾቹ አንድ በአንድ ወደ ጨለመው ቁጥቋጦ ተመለሱ።

ብዙዓየሁ ከጋቢው ቅዳጅ ቦጨቀና ባቱን አሰረ። ደሙ በጨርቁ በኩል መጣ።

«ተመለስ» አለው ደምሰው።

«እኅቴ ናት።»

«ሚስቴ ናት።»

«እንግዲያ ምን ያቆመናል?» አለና እያነከሰ ቀደመው።

ሰማዩ ጥቂት ብርሃን ብቻ ይዞ ነበር። በአሸዋው ኮረብታ መካከል ሲሄዱ የሞተር ድምፅ ሰሙ። ወደ ባሕሩ በሚወርድ ሸለቆ ውስጥ ትራክተር አሸዋ እየዛቀ በትልቅ የጭነት መኪና ላይ ይገለብጣል። መብራት አላበሩም። ሦስት ሰዎች ነበሩ። የአገር አሸዋ መዝረፍ ወንጀል እንደሆነ ደምሰው አያውቅም፤ መብራት አጥፍቶ የሚሠራ ሰው ግን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያውቃል።

አንዱ አካፋውን አንሥቶ መጣ። «ቁሙ! ማን ላካችሁ?»

ደምሰው በተሰባበረ ዕብራይስጥ መለሰ፦ «ማንም። ሚስቴ። ሚስቴን አይታችኋል?»

ሰውዬው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ሳቀ። «ያቺ ነጭ ለባሿ የሱ ናት! አይታን ነበር። ስንጮህባት ወደ ባሕሩ ሮጠች። ድንጋዩ ላይ ናት። አሁን እናንተም ጥፉ፣ ምንም አላያችሁም።»

ደምሰው ወደ ገደሉ ጠርዝ ሮጠና ተንበርክኮ ቁልቁል አየ። ከታች፣ ከገደሉ ወጣ ባለች አንዲት ድንጋይ ላይ ነጭ ነገር ተጣብቋል። ማዕበሉ ሲመጣ ይሸፍነዋል። ሲመለስ አሁንም አለ።

«ፈንታነሽ!»

ነጩ ነገር ራሱን ቀና አደረገ።

ተመልሶ መጣ። በመኪናው ጎን ወፍራም ገመድ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። «ገመድ!» አለ በጣቱ እያሳየ። «ትሞታለች! ገመዱን!»

«ሂድ አልኩህ» አለ ባለ አካፋው። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። መሸሽ ጀመሩ።

የሸለቆው መውጫ አንድ ነበር፣ ከመኪናው ብዙ የማይሰፋ። ደምሰው የጥላውን ብረት ጣለ። ወደ መውጫው ሄደና ከጎማው ፊት በጀርባው ተጋደመ። ሁሉም ሳያየው የሚያልፈው ሰው፣ ከጫፍ የሚቀመጥ ሰው፣ አሁን ሳያዩት ማለፍ የማይቻልበት ቦታ ላይ ተኛ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። መኪናው ጥቂት ተንቀሳቀሰ። የጎማው ጭቃ ጎድኑን ነካው፣ የሞተሩ ትኩሳት ፊቱን ለበለበው። ባለ አካፋው አካፋውን ከራሱ በላይ አነሣ።

ያን ጊዜ ብዙዓየሁ እያነከሰ መጣ። ከደምሰው አጠገብ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋደመ።

«አብደዋል» አለ ሹፌሩ። «ስጣቸው! ስጣቸውና እንሂድ!»

ገመዱ በሆዳቸው ላይ ወደቀ። ተነሥተው መንገድ ለቀቁ፤ መኪናውና ትራክተሩ በጨለማው ውስጥ እያጓሩ ሄዱ።

ከጠርዙ ወዲህ የድሮ አጥር የብረት ምሰሶ ነበር። ብዙዓየሁ ገመዱን አንዴ ጠመጠመበትና በደህናው እግሩ ምሰሶውን ረግጦ ያዘ። ደምሰው ከገመዱ ጫፍ ረዘም ያለ ትርፍ ትቶ ወገቡ ላይ አሰረና ወረደ። የገደሉ ድንጋይ ከእግሩ ሥር እየተፈረፈረ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እግሩ ድንጋዩን ሲነካ ውሃው እስከ ጭኑ መጣ።

ፈንታነሽ ከገደሉ ጋር ተጣብቃ ትንቀጠቀጣለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«አትቅረበኝ! ውጭ ነኝ!»

«አውቃለሁ።»

«ገመዱን ወርውርልኝ፣ እኔው እታሰራለሁ። አትንካኝ ደምሰው፣ በእናትህ!»

ወረወረላት። ጣቶቿ ደንዝዘዋል፤ ትርፉን ገመድ ያዙት፣ መቋጠር ግን አቃታቸው። ሁለት ጊዜ ሞከረች። በሁለተኛው ገመዱ ከእጇ አመለጠ። ከኋላው ባሕሩ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሲስብ ደምሰው ሰማው፤ ውሃው ከድንጋዩ ሸሽቶ ጥቁሩ ሥሩ ተገለጠ። የሚመጣው ማዕበል ከሁሉም የሚበልጠው ነው።

ደምሰው ወገቧን አቅፎ ያዛት።

ፈንታነሽ ጮኸች። ባሕሩን ስታይ እንደዚያ አልጮኸችም ነበር። ማዕበሉ መጣባቸው፣ አነሣቸው፣ ከገደሉ አላተማቸው፤ ገመዱ ወገቡን ቆረጠው፤ እጁን ግን አልፈታም። ውሃው ሲመለስ የቆመችበት ድንጋይ ግማሹ የለም።

«ሳብ! ብዙዓየሁ፣ ሳብ!»

ከላይ የሰው ሳይሆን የበሬ የሚመስል ድምፅ መጣ። ገመዱ ተወጠረ። ደምሰው በአንድ እጁ ሚስቱን፣ በአንድ እጁ ገደሉን እየቧጠጠ ወጣ። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም በደረታቸው ተደፉ።

ብዙዓየሁ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ። ወደ እኅቱ እጁን ዘረጋ፣ መለሰው። ከዚያ የተቀደደውን ጋቢ ከትከሻው አውልቆ ከሩቅ ወረወረላት። ደምሰው ጠቀለላት።

«እንግዲህ አንተም ከሰው ተለየህ» አለ ብዙዓየሁ።

«ልለይ።»

በአሸዋው ኮረብታ ላይ፣ የኔታንያን መብራት እያዩ ተመለሱ። አይሪሱን ዝናቡ አስተኝቶታል፤ ደምሰው ዝቅ ብሎ አላየውም። ፈንታነሽን ደግፎ ሄደ። መጀመሪያ ክንዱን ገፋችው፤ ኋላ አቅሟ ሲያልቅ ተወችው።

ሆቴሉ አዳራሽ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እማማ ማናለሽ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው በእጃቸው ያዙት። ብዙዓየሁ ከቄስ ዘመዱ ፊት ቆሞ ሁሉንም ነገረ፤ ስለ መኪናው፣ ስለ ገደሉ፣ ስለ ገመዱ። ራሱን አላስበለጠም።

«ነፍስ ለማዳን ነው» አሉ ቄሱ። «እሷ ወደ ቦታዋ ትሂድ። አንተ ልጄ፣ ታጥበህ ግባ።»

«ና» አለው ብዙዓየሁ። «ታጠብና ና፣ ከመካከላችን ተቀመጥ። ዛሬ አንተን ከጫፍ የሚያስቀምጥ ካለ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

ሽማግሌዎቹ ጠጋ ጠጋ አሉና ቦታ ለቀቁለት። በሠርጉ ቀን የሳቁት ሁሉ ነበሩ፤ ደምሰው አንድ በአንድ አያቸው። ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቆታል! በሕልሙ ሲሰማው ምን እንደሚመልስ፣ ማንን እንደሚያሳፍር ያውቅ ነበር። አሁን ግን ከአፉ የመጣው ሌላ ነው።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ብቻዋን ወጥታ ነው ባሕር ሊበላት የነበረው። እኔም እያወቅሁ አፌን ዘግቼ። ዳግመኛ ብቻዋን አትወጣም።»

ጉርምርምታ ተነሣ። «ወንድ ልጅ ከዚያ?» አለ አንዱ። ደምሰው ወደ ኮሪደሩ ሄደ።

ውጭ ያሉ ሴቶች የሚቀመጡበት ከኮሪደሩ ጫፍ ያለ ትንሽ ክፍል ነበር፤ በበጋ የቱሪስት አንሶላ የሚከማችበት። ያን ዕለት ከፈንታነሽ ሌላ ማንም አልነበረበትም። ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች። ደምሰው ከነእርጥብ ልብሱ ገባና በሩ ሥር፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ምን ሁነህ ነው?» አለችው። «ውጣ። ነውር ነው።»

«ነው» አላት።

«ወንድሜ ምን ይላል? ሰው ምን ይላል?»

«ይበሉ።»

ባሕሩ ከግድግዳው ወዲያ ይመታል። ፈንታነሽ ወደ ግድግዳው ተጠጋችና ከፍራሹ ቦታ ለቀቀችለት።