ለሃርድ-ወርኪንግ የተጻፈው ካርድ

የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ ጠረጴዛው ሥር ተዘርሮ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው ከባድ የብረት ወረቀት መጫኛ አጠገቡ ወድቋል። ፖሊሶቹ ምን ቸገራቸው! መርማሪዋን እንኳ ሳይጠብቁ፣ ቤቷ ጡት የሚጠባ ልጅ ያላትን ተርጓሚ በካቴና ጠፍረው አስቀምጠዋታል።

«ገዳይዋ ይቺው ናት!» አለ ታች ያለውን ማተሚያ ቤት የሚመራው የሟች ታናሽ ወንድም። «ጠዋት ‹ሞትዎን ያሳየኝ!› ስትለው እኛ ድረስ ተሰምቷል።»

«ብያለሁ!» አለች ተርጓሚዋ። «ሃርድ-ወርኪንግን ‹ታታሪ፣ ሥራ የማይሰለቸው› ብዬ ብተረጉም፣ ‹ሰነፍ ስለ ታታሪ ምን ያውቃል?› ብለው ካርዴን ቀደዱት። ተሳደብኩ እንጂ አልገደልኩም!»

መርማሪዋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ግድግዳውን ከሞሉት የካርድ መሳቢያዎች አንዱ ብቻ፣ የደብልዩ ፊደሉ፣ ተከፍቶ ተበርብሯል።

«ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ከየት ነው የምታመጡት?» ስትል በሩ አጠገብ የቆመችውን የቢሮውን ታይፒስት ጠየቀቻት።

«ጋሼ ከራሳቸው አይፈጥሩም። ሰው ሲናገር የሰሙትን እዚያው ከነሰዓቱ ጽፈው መሳቢያ ይከታሉ። ቢሰድቧቸውም ይጽፋሉ፤ ጉድ እኮ ናቸው!»

«ሃርድ-ወርኪንግ የት ይገባል?»

«ኤች ውስጥ ነዋ! ጥንድ ቃል የሚቀመጠው በመጀመሪያው ቃል ነው። እዚህ ፎቅ የሚሠራ ይህን አያጣውም።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ፊቷ አስቀመጠቻቸው።

«ገዳዩ አንድ ካርድ ፈልጓል። ‹ወርኪንግ› የሚለውን ይዞ ደብልዩን በረበረ። ከሁለታችሁ ሴቶች አንዳችሁ ብትሆን ኖሮ ቀጥታ ኤችን ትከፍት ነበር። ካርድ ነክቶ የማያውቀው አንዳችሁ ብቻ ነው።» የኤችን መሳቢያ ሳበችና ከፊት ያለውን ካርድ አነበበች። «‹ታታሪው እኔ፣ ስሙ ያንተ! ሃያ ዓመት አተምኩልህ።› ዛሬ፣ ስድስት ሰዓት ከሃያ።»

አታሚው ካርዱን እያየ ጮኸ።

«ሃያ ዓመት ያመቅኩትን ስዘረግፍለት ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም! ‹ለሃርድ-ወርኪንግ ጥሩ ምሳሌ ሰጠኸኝ› ብሎ መጻፍ ጀመረ። ትቼው ወጥቼ ነበር፤ ደረጃው ላይ ንዴቴ መለሰኝ። ወንድሙ ነኝ እኮ!»

ፖሊሱ የተርጓሚዋን ካቴና ሊፈታ ቁልፉን አጥቶ ኪሱን ሲዳብስ፣ እሷ ጮኸችበት።

«ስታስሩኝ እንደሮጣችሁ ስትፈቱኝም ሩጡ! ልጄ ከጠዋት ጀምሮ አልጠባም!»